በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ የመርፌ ልውውጥ አገልግሎትን እንዴት መደገፍ ይቻላል?

በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ የመርፌ ልውውጥ አገልግሎት ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ ዕፅ በመርፌ ለሚወስዱ ሰዎች ንጹህ መርፌና ሲሪንጅ በነጻ ይሰጣል፣ ያገለገለውን ተቀብሎ በአግባቡ ያስወግዳል። አስቸጋሪው ይህንኑ በየሳምንቱ፣ በተነገረው ቦታና በተነገረው ሰዓት፣ ሰዎቹ የሚፈልጉት ዓይነት ሳይጎድል፣ ዝናብም ሆነ በዓል ሳያስቀረው ማድረስ ነው። ለመርዳት የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው ጉጉትና አዲስ ሐሳብ ሲሆን፣ አገልግሎቱ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚቸግረው ሳይቀር የሚገኝ ሰው ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ያንን ሰው ለመሆን ለሚፈልጉ ነው።

የሥራው ምክንያት

ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሄፓታይተስ ሲ በጋራ መርፌ የሚተላለፉት ዓይን የማያየው ደም በሲሪንጁ ውስጥ ስለሚቀር ነው። የሲሪንጁ መግፊያ እስከ መጨረሻው ቢጫን እንኳ መርፌው ከሲሪንጁ ጋር በሚጋጠምበት ስፍራ ጥቂት ፈሳሽ ይቀራል፤ መርፌው ተነቃይ በሆነ ሲሪንጅ ላይ የሚቀረው ፈሳሽ ከሲሪንጁ ጋር ተያይዞ ከተሠራው መርፌ ይበልጣል። በቤተ ሙከራ በተደረገ ጥናት የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ በሲሪንጅ ውስጥ እስከ 63 ቀን ድረስ የመበከል አቅሙን ሳያጣ ቆይቶ ተገኝቷል። አደጋው በመርፌው ብቻም አያበቃም፤ ዕፁ የሚሟሟበት ትንሽ ዕቃ፣ የሚጣራበት ጥጥ እና የሚበጠበጥበት ውሃ በጋራ ጥቅም ላይ ሲውሉ ቫይረሱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራሉ። ንጽህናው ያልተጠበቀ መርፌ በተጨማሪ መግል የቋጠረ እብጠትና የልብ ክፍል ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል፤ ይህ ሁለተኛው ሕይወት የሚቀጥፍ ሕመም ነው።

ስለዚህ ሥራ ደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ «መርፌ መስጠት ዕፅ መጠቀምን አያበረታታም ወይ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ከቅን ልብ ሊመጣ ስለሚችል በትዕግሥት መመለስ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የጥናቶች ግምገማ፣ ንጹህ መርፌ ማቅረብ የኤችአይቪን ሥርጭት በከፍተኛ ደረጃ እንደሚቀንስና ያልታሰበ ከባድ ጉዳት እንዳስከተለ የሚያሳምን ማስረጃ እንዳልተገኘ ገልጿል። እኔ ከዚህ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርፌ ወደምናድልበት ጠረጴዛ የሚመጣው ሰው መርፌ መጠቀም የጀመረው እኛን ከማግኘቱ በፊት ነው፤ ባንኖርም ዛሬ ማታ ይጠቀማል፤ በእኛ መኖርና አለመኖር የሚለወጠው መርፌው ንጹህ መሆኑና አለመሆኑ ነው።

ታሪኩም ለደጋፊ የሚያስገነዝበው ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 በአምስተርዳም የተጀመረው የመርፌ ልውውጥ የዕፅ ተጠቃሚዎቹ የራሳቸው ማኅበር የገፋበት ሥራ ሲሆን፣ በወቅቱ ያሳሰባቸው ሄፓታይተስ ቢ ነበር። በ1986 ሐኪሙ አሌክስ ዎዳክና ባልደረቦቻቸው በሲድኒ ሕጉ ሳይፈቅድላቸው የሙከራ አገልግሎት ከፈቱ። በ1988 ደግሞ ዴቭ ፐርቼዝ በዋሽንግተን ግዛት፣ በታኮማ ከተማ፣ መንገድ ዳር ተጣጣፊ ወንበርና ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው መርፌ ማደል ጀመሩ። በእነዚህ ሁሉ ስፍራዎች ባለሥልጣናት የመጡት ከኋላ ነው። ስለሆነም አዲስ ደጋፊ የሚገባው ባለቤት ወዳለው ቤት መሆኑን አውቆ፣ ነገሮችን ለማስተካከል ከመቸኮሉ በፊት የቆዩት ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ሊጠይቅ ይገባል።

አስቀድሞ መጠየቅ

የመጀመሪያው ተግባር አገልግሎቱን የሚመሩትን ሰዎች አግኝቶ «በዚህ ወር ያስቸገራችሁ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ከጠበቁት የተለየ ይሆናል። ሰነድ የሚያዘጋጅ ሰው፣ መኪና ያለው ሰው፣ ደረቅና የሚቆለፍ ክፍል፣ ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት የሚሰጥ ሰው ሊሉ ይችላሉ። በአንጻሩ በጎረቤት የተሰበሰበ አሮጌ ልብስ ማከማቻቸውን ከማጣበብ ያለፈ ጥቅም ላይኖረው ይችላል። ከተቻለ ይህንኑ ጥያቄ ለተገልጋዮቹም ያቅርቡ፤ የትኛው ሰዓት እንደማይመቻቸው፣ የትኛው መርፌ እንደሚያማቸው፣ ከየትኛው መንገድ እንደሚሸሹ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ቀጥሎ ሕጉን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። የመርፌ ልውውጥ በአንዳንድ አገሮች በግልጽ የተፈቀደ ሲሆን፣ በአንዳንዶቹ በፈቃድ ብቻ ይሠራል፣ በሌሎቹ ደግሞ መርፌ ይዞ መገኘት ራሱ በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። ከአንድ የሕግ ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ ማን ምን መያዝ እንደሚችል፣ ፖሊስ ቢጠይቅ ምን መመለስ እንደሚገባ፣ የተመዘገበ መረጃ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊወሰድ ይችል እንደሆነ በጽሑፍ ማግኘት ከትላልቅ የድጋፍ ዓይነቶች አንዱ ነው። የሕግ አደጋ ካለ ደግሞ ውሳኔው የአንድ ደፋር በጎ ፈቃደኛ መሆን የለበትም፤ ተይዞ ዋጋ የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ተገልጋዩ ነውና።

ገንዘብና ዕቃ

ለጋሾች የሚታይና የሚቆጠር ነገር መግዛት ይወዳሉ። ሺህ መርፌ ገዛሁ ማለት ያስደስታል፤ የመጋዘን ኪራይ፣ የነዳጅ ወጪ ወይም ያገለገለ መርፌ የማስወገጃ ክፍያ ሸፈንኩ ማለት ግን የዚያን ያህል ልብ አያሞቅም። አገልግሎቶች የሚዘጉት ደግሞ ባብዛኛው በእነዚህ በማይታዩት ወጪዎች ነው። አንዳንዴ ነገሩ ይገለበጣል፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የወጣ ሕግ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ለሠራተኛና ለሥራ ማስኬጃ እንዲውል ሲፈቅድ መርፌውን ራሱን ለመግዛት ግን አልፈቀደም፤ በዚህም የተነሳ እዚያ የግለሰብ ስጦታ እጅግ ያስፈለገው ለመርፌው ነበር። ስለዚህ ገንዘብዎን ሲሰጡ አገልግሎቱ ለፈለገው እንዲያውለው ያለ ገደብ ይስጡ፤ ከአንድ ጊዜ ትልቅ ስጦታ ይልቅም በየወሩ የሚገባ አነስተኛ መጠን ይምረጡ፤ ዕቃ የሚያዙት ሰዎች የሚመጣውን ወር ማቀድ የሚችሉት እንዲህ ሲሆን ነው።

ስንት መርፌ ያስፈልጋል የሚለውን በግምት መተው አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ግብ እ.ኤ.አ. በ2020 ለአንድ ዕፅ በመርፌ ለሚወስድ ሰው በዓመት 200፣ በ2030 ደግሞ 300 መርፌ ማድረስ ነው። ሒሳቡን ለምሳሌ በ60 ሰዎችና በ300ው ግብ ብንሠራው፣ በዓመት 18,000፣ በወር 1,500 መርፌ ይሆናል፤ መቶ መቶ በሚይዝ ካርቶን ሲለካ በወር 15 ካርቶን ማለት ነው። ይህን ቁጥር ይዞ ወደ ለጋሽ መሄድ «የምትችለውን ስጠን» ከማለት የተሻለ መልስ ያስገኛል። በቀን ብዙ ጊዜ የሚወጋ ሰው ግን ከ300 እጅግ የበለጠ ስለሚያስፈልገው ቁጥሩን እንደ ጣሪያ አይውሰዱት።

ዕቃውን በራስዎ ምርጫ ገዝተው አያምጡ። የመርፌ ውፍረት የሚለካበት ጌጅ የተባለው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን መርፌው ይቀጥናል፤ ባለ 29 ወይም ባለ 30 ጌጅ ቀጭን የኢንሱሊን መርፌ የለመደ ሰው ባለ 23 ቢሰጠው ደም ሥሩ ይጎዳል፤ የሚወስደው መጠን ከግማሽ ሚሊ ሊትር የማይበልጥ ሰውም ትልቅ ሲሪንጅ አይፈልግም። ምርጫ ካለ ፈሳሽ በውስጣቸው እምብዛም የማይቀርባቸውን ሲሪንጆች መግዛት ይመረጣል። ከመርፌው ጋር የሚሰጡት ዕቃዎችም በቸልታ የሚታዩ አይደሉም፤ የአልኮል ጥጥ፣ ማሟሟያ ዕቃ፣ ማጣሪያ፣ በትንንሽ ብልቃጥ የታሸገ ከጀርም የጸዳ ውሃ፣ የክንድ ማሰሪያ ላስቲክ እና ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት፣ በኪስ የሚያዝ ሴፍቲ ቦክስ ያስፈልጋሉ። አንዳንድ ዕፆች ያለ አሲድ አይሟሙም፤ የታሸገ የሲትሪክ አሲድ ዱቄት ያላገኘ ሰው ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ይጨምራል፤ በሎሚ ውስጥ ሊኖር የሚችል ፈንገስ ደግሞ በደም ተጉዞ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል። የአንዲት ትንሽ ፓኬት ዋጋና የአንድ ሰው ዓይን የሚመዛዘኑ አይደሉም።

የማሸግ ሥራ

በጠረጴዛው ላይ ለመቆም ዝግጁ ያልሆነ ሰው በዚህ ሥራ መጀመር ይችላል፤ እኔም የጀመርኩት በዚሁ ነው። እጅ ታጥቦ፣ ጠረጴዛው ተጠርጎ፣ ካርቶኖቹ በተርታ ይደረደራሉ። የመጀመሪያው ሰው አሥር አሥር መርፌ የያዘውን ፕላስቲክ አንስቶ አለመቀደዱንና የአገልግሎት ጊዜው አለማለፉን አይቶ በከረጢቱ ውስጥ ያስገባል፤ ሁለተኛው ማሟሟያውንና ማጣሪያውን ይጨምራል፤ ሦስተኛው የውሃ ብልቃጦቹን በመርፌዎቹ ቁጥር ልክ ቆጥሮ ያስገባል፤ የመጨረሻው የአልኮል ጥጡንና ሴፍቲ ቦክሱን ጨምሮ፣ የመርፌውን ዓይነት በጉልህ ጽፎ ይዘጋዋል። የውሃው ብልቃጥ ከመርፌው ካነሰ ሰዎች አንዱን ብልቃጥ ይካፈላሉ፤ በመካፈልም መበከል ይመጣል፤ ስለዚህ ቆጠራው ለይምሰል የሚደረግ አይደለም። መጀመሪያ የገባው ዕቃ መጀመሪያ እንዲወጣም አዲሱን ካርቶን ከኋላ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

አንድ ምሽት የደረሰብንን ልናገር። የመጋዘኑ ቁልፍ አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ነበር፤ ያ ሰው ታሞ ስልኩን ሳያነሳ ቀረ። በሰዓታችን ተገኝተን ባዶ ጠረጴዛ ይዘን ቆምን። ረጅም መንገድ በእግሯ የመጣች ሴት ጥቂት ጠብቃ ስታበቃ ከቦርሳዋ ያገለገለ ሲሪንጅ አውጥታ አሳየችንና «እንግዲያው ይችኑ አጥቤ እጠቀማለሁ» ብላ ሄደች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለን ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ሆነ፤ የአንድ ምሽት የሚበቃ መጠባበቂያ ሣጥንም በሌላ ስፍራ ማስቀመጥ ጀመርን። ለመርዳት የሚፈልግ ሰው ሁለተኛው ቁልፍ ያዥ ልሁን ቢል ከብዙ ስብሰባ የሚበልጥ ድጋፍ ሰጠ ማለት ነው።

በጠረጴዛው ፊት

ወደ አገልግሎቱ የሚመጡ ብዙዎች በጤና ተቋማትና በየቢሮው ተንቀው የተመለሱ ናቸው። የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ዳግም መምጣትና አለመምጣታቸውን ይወስናል። ሰላምታ ይስጡ፣ ምን ያህልና የትኛውን ዓይነት እንደሚፈልጉ ይጠይቁ፣ ይስጡ። ለምን እንደጀመሩ፣ መቼ እንደሚያቆሙ አይጠይቁ። ማቆም የሚፈልግ ሰው ጥያቄውን ራሱ ያነሳዋል፤ ያኔ ሕክምና የሚሰጥበትን ቦታ፣ የሚከፈትበትን ሰዓት፣ የሚያነጋግረውን ሰው አውቆ መንገር፣ ቢፈልግም አብሮት መሄድ ያስፈልጋል። ዕፅ መውሰድ ለማቆም የሚረዱት ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን የተባሉ መድኃኒቶች የሚሰጡበት ሕክምና ባለበት አካባቢ የዚህ መረጃ ዝርዝር በየወሩ መታደስ አለበት፤ የተዘጋ በር ያንኳኳ ሰው ሁለተኛ ምክራችንን አይሰማም።

ቃላት ይመዝናሉ። «ሱሰኛ» ማለት ሰውየውን በአንድ ቃል መዝጋት ነው፤ «ዕፅ የሚወስድ ሰው» ማለት ሰውነቱን ያስቀድማል። «ንጹህ ሆነ» የሚለውም ቢሆን ያልተወውን ሰው ቆሻሻ ማለት ስለሆነ «መውሰድ አቆመ» ማለት ይሻላል። በአክብሮት «እርስዎ» ብሎ መጀመር፣ ሰውየው ራሱ ወደ «አንተ» ሲያቀርብዎ መከተል ይገባል። ተገልጋይን በመንገድ ላይ ቢያገኙት እርሱ ሰላም ካላለዎት አያውቁትም። ፎቶግራፍ ፈጽሞ አይነሳም፤ ከኋላም፣ ፊት ተሸፍኖም ቢሆን።

በአንዳንድ ቦታዎች አንድ ያገለገለ መርፌ ያላመጣ አንድ አዲስ አያገኝም የሚል ደንብ አለ። ሥርዓት ያለው ቢመስልም ደንቡ የሚጎዳው እጅግ የሚያስፈልገውን ሰው ነው። መኖሪያ የሌለው፣ ፖሊስ እንዳያገኝበት ፈርቶ የጣለ፣ ዕቃው የተሰረቀበት ሰው ባዶ እጁን ይመጣል፤ ባዶ እጁን ከሄደ የሌላውን ይዋሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሚደግፉት እንደ ፍላጎት መስጠትን ነው። ራሱ ለመምጣት ለሚያፍር ጓደኛው ጭምር የሚወስድ ሰው እኛ የማንደርስበት ቦታ ይደርስልናልና ብዙ ጠየቀ ተብሎ ሊጠረጠር አይገባም። ያገለገለው እንዲመለስ የሚያደርገው ሴፍቲ ቦክስ በነጻ ማደል፣ መጣያውን ቅርብ ማድረግና ሲመልሱ ማመስገን ነው።

መዝገብ አጭር ይሁን። ስም አያስፈልግም፤ ሰውየው ራሱ የሚያስታውሰው፣ ሌላ ሰው ግን ሊፈታው የማይችል መለያ ኮድ፣ የተሰጠው ብዛት፣ የተመለሰው ብዛት እና ወደ ሕክምና የተላከ ካለ እርሱ ይበቃል። ያልተጻፈ መረጃ ሊወሰድ አይችልም።

ያገለገለ መርፌን በጥንቃቄ መያዝ

ማንኛውም በጎ ፈቃደኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መውሰድ አለበት። ከዚህ ቀጥሎ ያለው መሠረታዊ ደንብ ያገለገለ መርፌን በእጅ አለመንካት ነው። ተገልጋዩ ራሱ በሴፍቲ ቦክሱ ውስጥ ይጥላል፤ ሣጥኑም በጠረጴዛው ወይም በመሬት ላይ ይቀመጣል እንጂ በእጅ ተይዞ አይቀርብለትም። ስንት እንደመለሰ ይጠየቃል ወይም በሣጥኑ መጠን ይገመታል፤ ለቆጠራ ብሎ ሣጥን መገልበጥ ክልክል ነው። ክዳን መልሶ መግጠም፣ መርፌውን ማጠፍ ወይም መስበር አይቻልም፤ ብዙ ሰው የሚወጋው ክዳን ሲመልስ ነውና። ሣጥኑ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል፤ ጥቂት ቦታ ቀርቷል ተብሎ አይጠቀጠቅም።

መንገድ ላይ የወደቀ መርፌ ለማንሳት የሚወጡ ሰዎች ጫማቸው ጠንካራና ድፍን፣ ጓንታቸው ወፍራም ይሁን፤ የሚያነሱትም በረጅም ጉጠት ይሁን። ሣጥኑን ከመርፌው አጠገብ መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ከፍተው፣ መርፌውን መሐሉ ላይ ይዘው፣ ሹሉን ወደ ታች አድርገው ይጣሉት። ቅጠል ወይም ቆሻሻ ውስጥ ዓይን ሳያይ እጅ አይገባም።

መርፌ ቢወጋዎት ቦታውን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ይጠቡ፤ አይጭመቁት፣ በረኪናም አያፍሱበት። ከዚያም ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ቫይረሱ ባለበት ደም በተበከለ መርፌ የተወጉ የጤና ሠራተኞች ላይ በተደረጉ ጥናቶች በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ ከሺህ ሦስት ገደማ ነው፤ አነስተኛ ቢሆንም የሚናቅ አይደለም። የጤና ተቋሙ አድራሻና ስልክ በጠረጴዛው ሣጥን ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፎ ይቆይ፤ በድንጋጤ ሰዓት የሚፈለግ ነገር በቀላሉ አይገኝም።

የተሞሉት ሣጥኖች የመጨረሻ ማረፊያቸው ከተራ ቆሻሻ ጋር አይደለም። በከፍተኛ ሙቀት የሚያቃጥል ወይም በእንፋሎት የሚያመክን መሣሪያ ካለው የጤና ተቋም ጋር መስማማት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ስምምነት በቢሮ በቢሮ ተመላልሶ የሚያስጨርስ ትዕግሥተኛ ሰው ለአገልግሎቱ እጅግ ውድ ነው።

ናሎክሶን

ዕፅ ከመጠን በላይ ወስዶ የሚሞት ሰው ብዙ ጊዜ የሚሞተው ሌላ ሰው አጠገቡ እያለ ነው። ናሎክሶን ሄሮይንና ፌንታኒልን የመሳሰሉ ኦፒዮይድ የሚባሉ ዕፆች ያቆሙትን ትንፋሽ የሚመልስ መድኃኒት ሲሆን፣ በአፍንጫ የሚረጭም በጡንቻ የሚወጋም ዓይነት አለው። በቺካጎ የሚገኝ፣ ዕፅ በመውሰድ የሚመጣን ጉዳት ለመቀነስ የሚሠራ አንድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ለተጠቃሚዎች ራሳቸው ማደል ከጀመረ ወዲህ ልማዱ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ሕጉ የሚፈቅድ ከሆነ ከመርፌው ጋር አብሮ መሰጠት አለበት፤ ደጋፊዎችም አጠቃቀሙን ሠልጥነው ለሌሎች ማሳየት መቻል አለባቸው።

ምልክቱ ሲጠሩት የማይመልስ፣ ትንፋሹ የዘገየ ወይም የቆመ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም የገረጣ፣ አንዳንዴም ጉሮሮው እንደ ማንኮራፋት የሚያሰማ ሰው ነው። ጮክ ብለው ይጥሩት፤ የደረቱን መሐል አጥንት በእጅዎ አንጓ አጥብቀው ይሹት። ካልነቃ የድንገተኛ ሕክምና እርዳታ ይጥሩ፣ ናሎክሶኑን ይስጡ፣ ትንፋሹ ከቆመ በአፍ ለአፍ ትንፋሽ ይርዱት። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ መተንፈስ ካልጀመረ ሁለተኛ ይስጡ። ሲተነፍስ በጎኑ አስተኝተው አብረውት ይቆዩ፤ የናሎክሶን ኃይል ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ስለሚቆይ ዕፁ በደሙ ውስጥ ከቀረ ትንፋሹ ዳግም ሊቆም ይችላል። ያልነቃበት ምክንያት ኦፒዮይድ ባይሆን እንኳ መድኃኒቱ አይጎዳውምና ለመስጠት አያመንቱ። የነቃው ሰው ሊያቅለሸልሸው፣ ሊቆጣም ይችላል፤ በዝግታ አነጋግረው ወዲያው ሌላ እንዳይወስድ ይለምኑት።

ጎረቤትና ባለሥልጣን

አገልግሎቱ ከሚሰጥበት ቦታ አጠገብ የሚኖሩና የሚነግዱ ሰዎች መጀመሪያ የሚሰሙት ከእኛ ቢሆን ይመረጣል። ቤት ለቤት ሄዶ የሚሠራውን መናገር፣ የወደቀ መርፌ ቢያገኙ የሚደውሉበት አንድ ቁጥር መስጠትና ሲደውሉ በዚያው ቀን ሄዶ ማንሳት ከማንኛውም በራሪ ወረቀት በላይ ያሳምናል። አንድ ቀን ተደውሎ ያልተነሳ መርፌ የስድስት ወር መልካም ግንኙነት ሊያፈርስ ይችላል።

ባለሥልጣናት ፊት ቀርቦ መናገር ደግሞ የአንድ ጊዜ ሥራ አይደለም። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት 24,000 ገደማ ሕዝብ ባለው ስኮት ካውንቲ እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ኤችአይቪ በጋራ መርፌ ተዛምቶ ከ180 በላይ ሰዎች ተያዙ። ቀድሞ የመርፌ ልውውጥ በዚያ አልተፈቀደም ነበር፤ ፈቃዱ የመጣው በአስቸኳይ ጊዜ ትእዛዝ፣ ወረርሽኙ ከገባ በኋላ ነው። አገልግሎቱ ከተከፈተ ወዲህ አዲስ የሚያዘው ሰው ቁጥር እጅግ ወረደ። ይህ ሁሉ ታይቶ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2021 የካውንቲው አስተዳዳሪዎች 2 ለ 1 በሆነ ድምፅ አገልግሎቱ እንዲዘጋ ወሰኑ። ውጤት በራሱ አይሟገትም። ስብሰባ የሚጠራበትን ቀን የሚከታተል፣ አጭርና እውነተኛ ቁጥር ይዞ የሚናገር፣ ሐኪሙንም የተገልጋዩን እናትም ይዞ የሚመጣ ደጋፊ ያስፈልጋል። ተገልጋይ እንዲናገር የሚጋበዘው ግን ስሙና ፊቱ በይፋ መታየቱ ምን እንደሚያስከትልበት አውቆ ራሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

የሚያገለግሉትን መጠበቅ

ይህ ሥራ ሐዘን አለው። ባለፈው ሳምንት ሲስቅ ያዩት ሰው መሞቱን በጠረጴዛው ፊት ከጓደኛው ይሰማሉ፤ ከኋላው የቆመው ሰው ደግሞ ተራውን እየጠበቀ ነው። ከፈረቃ በኋላ ሩብ ሰዓት ቆይቶ መነጋገር፣ ማንም ብቻውን እንዳይቆም ሁለት ሁለት ሆኖ መመደብ፣ ከአቅም በላይ ቃል አለመግባት ያስፈልጋል። በወር አንድ ፈረቃ ይዞ ዓመቱን የሚዘልቅ ሰው፣ ለሁለት ወር ሁሉንም ፈረቃ ይዞ ከሚጠፋ ሰው የተሻለ ጠቅሟል። ተገልጋዮች የነበሩ ወይም ዛሬም የሆኑ ሰዎች በአመራሩ ውስጥ ካሉ ደግሞ ሌላው ለሚከፈልበት ሥራ እነርሱም ሊከፈላቸው ይገባል፤ ልምዳቸው ሙያ ነውና።

መሄድ ሲኖርብዎት ከአንድ ወር በፊት ያሳውቁ። ተተኪዎን ለሁለት ወይም ለሦስት ፈረቃ አብረውት ይቁሙ፣ ለተገልጋዮቹም ስሙን ጠርተው ያስተዋውቁት። የሚያውቁትን በአንድ ደብተር ይጻፉለት፤ ማን ቀጭኑን መርፌ እንደሚመርጥ በኮዱ፣ ያገለገሉትን የሚረከበው ክፍል በየትኛው ቀን እንደሚከፈት፣ የመጋዘኑ በር ሲዘጋ እጀታው ወደ ላይ ካልተሳበ እንደማይቆለፍ። ከዚያም ቁልፉን ለሚተካዎት ሰው በእጁ ያስረክቡ።